የመሪጌታ ትንፋሽና የኔ ጣት

የብርጓል እባላለሁ። ቤቴ ሰባታሚት ነው፤ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ትናንት ጤፍ የተዘራበት ዛሬ ብሎኬት የሚደረደርበት ሰፈር። ባሌ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ይባላሉ፤ የዜማ መምህር ናቸው። ነበሩ ልበል እንጂ፤ አፌ አልለመደውም። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬያቸው ስኖር አንድም ቀን አንተ ብያቸው አላውቅም። ስናደድም፣ እናደዳለሁ ደግሞ፣ ድስት እያጋጨሁ የምናደደው በእርስዎ ነበር። ከሞቱ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «የእግዜር ቀጠሮ ነው፣ ተይው» ይለኛል። እሺ፣ ቀጠሮው የእግዜር ይሁን። መንገዱን የጠረግሁት ግን እኔ ነኝ።

ከጭሱ ልጀምር። የዜማ መምህር የሚያገኘው ቤት አያቆምም፤ ስለዚህ እኔ አረቄ አወጣ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ። አረቄ ያወጣች ሴት ታውቀዋለች፤ እሳቱ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም፣ እንጨቱ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ ጭሱ መውጫ አጥቶ ሰው ላይ ይተኛል። ያን ጊዜ ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች። እኔ በዚህ ጥግ እሳቴን አነዳለሁ፤ እሳቸው በዚያ ጥግ ተማሪዎቻቸውን ዙሪያቸውን አስቀምጠው ሲያዜሙ ይውላሉ። ዜማ ደግሞ በጉሮሮ ብቻ አይሆንም፤ ትንፋሽ ከሆድ ድረስ መሳብ አለበት። ጭሴን ከሆዳቸው ድረስ ሲስቡት ኖሩ። አንዳንዴ ሳል ሲይዛቸው «አንቺ ሴት፣ ዛሬ የምትቀቅይው ጌሾውን ነው እኛን?» ይሉኛል። እስቃለሁ። ምን ያስቀኝ ነበር?

የዛሬ አምስት ዓመት ግድም ሳሉ የማይለቅ ሆነ። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አንዲት ዳገት አለች፤ ዳገትም አትባልም፣ በግ እንኳ አታስተነፍስም። እሷን ሦስት ጊዜ ቆመው ነው የሚጨርሷት። ማር በነጭ ሽንኩርት ሰጠሁ፣ ጸበል አስጠመቅሁ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ወሰድኋቸው። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ገና ከመቀመጣችን «አባባ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?» አላቸው። ጥምጣማቸውን ነካ አድርገው «ይህን አስሬ?» አሉት። አፈረና «እሺ፣ ቤት ውስጥ የማገዶ ጭስ አለ?» ብሎ ጠየቀ። መሪጌታ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። «ጭስ የሌለበት ቤት የት አለ ልጄ» ብለው ሸፈኑልኝ። በማግስቱ ጋኑንም ማሰሮውንም አውጥቼ ለሰው ሰጠሁ፤ ጌሾና ብቅል መሸጥ ጀመርሁ። ዘግይቼ ነው እንጂ።

ሕመሙ የማይድን ነው ተባልን። የሳንባቸው ቧንቧዎች ጠብበዋል፤ የጠበበው ተመልሶ አይሰፋም፣ ግን መድኃኒት በደንብ ከተወሰደ ባለበት ይያዛል። መድኃኒቱ የሚዋጥ ክኒን አይደለም፤ በአፍ ተነፍቶ ወደ ውስጥ የሚሳብ ነው፣ ፓፍ ይሉታል። ሁለት ዓይነት ሰጡን። ሰማያዊው ሲጨንቃቸው ብቻ የሚወሰድ ነው። ሐምራዊው ዋናው ነው፤ ቢያማቸውም ባያማቸውም ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ። ሐምራዊው ጀርባው ላይ ቁጥር አለው፤ አንድ ጊዜ በተጫኑት ቁጥር አንድ ይቀንሳል፣ ስንት እንደቀረ ያሳያል።

የክትትል ክፍሉ ነርስ ሲስተር ሲና ትባላለች። ጎበዝ ናት፣ ምላሷም እንደኔ ነው። አንድ ቀን አግዳሚው ላይ ወረፋ የሚጠብቀውን በሽተኛ ሁሉ «ፓፋችሁን አውጡና እንዴት እንደምትወስዱት አሳዩኝ» አለች። ጉድ ታየ። ኑርሑሴን የሚባሉ የወረታ ነጋዴ መሳቡን ትተው እንደ ሻማ እፍ አሉበት። አንዷ ሴት ለክፉ ቀን ብላ ከሳጥኗ አላወጣችውም፣ ማሸጊያው እንኳ አልተቀደደም። አንዱ ገበሬ ደግሞ ከወንድሙ ጋር ሳምንት ሳምንት እየተቀባበሉ ይወስዱታል። ሲና ወገቧን ይዛ «ይኸው ነው» አለች። «ከፋብሪካ ሲወጣ አንድ መድኃኒት ነው። በየቤታችሁ ሲገባ በየቤቱ ሌላ ነገር ይሆናል። ከዚያ አይሠራም ትሉኛላችሁ።»

የኛ ችግር ደግሞ እጃቸው ነው። ቁርጥማት ጣታቸውን አኮራምቶት ፓፉን መጫን አይችሉም። እኔ ልጫንላቸው ስል ደግሞ አልገጥም አለ። መጫኑና መሳቡ እኩል መሆን አለበት፤ ከቀደምሁ በአፋቸው ተመልሶ እንደ ጉም ይወጣል፣ ከዘገየሁ ትንፋሻቸው አልቋል። ሲና የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን በስታ «በዚህ ውስጥ ተነፍቶ ቢስቡት ይቀላል» ብላ አመጣች። እሳቸው «ሃይላንድ አፌ ላይ ደፍቼ አልቀመጥም» አሉ። ለመንኋቸው፣ ተቆጣሁ፣ ምንም። ኩራታቸውን ቁርጥማት አልያዘውም።

መላውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ እዚህች ላይ እንኳ ልኩራ። ዜማ ማረፊያ አለው። ያዜማሉ፣ ያዜማሉ፣ ትንፋሻቸው ተሟጦ ያልቅና አንድ ቦታ ላይ ዝም ብለው በረጅሙ ይስባሉ። ያን ቦታ ከእሳቱ ዳር ሆኜ ስሰማው ስለኖርሁ፣ ተማሪዎቻቸው ሳይለዩት እኔ እለየዋለሁ። «አንድ ሃሌ ሉያ ይበሉ» አልኋቸው። «ሐኪም ቤት ውስጥ?» አሉኝ። «ይበሉ» አልሁ። ዝግ ብለው አሉ። ድምፃቸው እያነሰ እያነሰ ሄደ፤ ማረፊያው ላይ ሲደርሱ ፓፉን አፋቸው ላይ አድርጌ ተጫንሁ። ጉም አልወጣም። ሁሉም ገባ። ሲና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች፤ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ደግሞ ጸሎት መስሎት ብድግ አለ።

ከዚያ አንድ ትእዛዝ ጨመረችልን። ሐምራዊው ከተወሰደ በኋላ አፍ በውሃ ተጉመጥምጦ ይተፋል። ለምን እንደሆነም ነገረችን፣ ነገረችን መሰለኝ፤ እኔ የያዝሁት ይተፋል የሚለውን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከያዝሁ ያዝሁ ነው። ጠዋትም ማታም ጣሳዬን ይዤ ከፊታቸው እቆማለሁ፤ እስኪተፉ ንቅንቅ የለም። «መርዝ ነው እንዴ የሰጠሽኝ?» ሲሉኝ «ሳይተፉት ከቀሩ ይጎዳዎታል» እላቸዋለሁ። ይህን ማንም አላለኝም፣ ከራሴ ነው። እሳቸውም ይስቁና «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ይሉኛል። ይሉኛል እንጂ ይተፋሉ።

መድኃኒቱ ሠራ። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ሠራ። በሁለተኛው ወር ዳገቷን አንዴ ብቻ ቆመው ወጧት። ዓመት ሳይሞላ በኅዳር ጽዮን ቀን መቋሚያቸውን ይዘው ከማኅሌት ቆሙ። እኔ በሴቶች በኩል ሆኜ ጸሎቱን ትቼ እሳቸውን ነው የማዳምጠው። ድምፃቸውን ከሃያ ሰው ድምፅ እለየዋለሁ። ማረፊያው ላይ በደረሱ ቁጥር እኔም አብሬ ትንፋሼን እስባለሁ፤ አውራ ጣቴ ነጠላዬ ውስጥ ሆና ትጫናለች። አጠገቤ ያለችው ሴት «ምን ሆነሻል?» አለችኝ።

እንዲህ ሆነን ሦስት ዓመት ኖርን። ለቅሶ እንኳ ስሄድ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ቤቴ ነኝ። ልጆቻችን አዲስ አበባ ወልደው «አራስ ጠይቂን» ሲሉኝ አንድም ቀን አልሄድሁም፤ ማን ሊጫንላቸው? መንገድ በተዘጋ ጊዜ ፓፍ ከከተማው ይጠፋል። ያን ጊዜ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ስዞር እውላለሁ፣ ሳላገኝ አልገባም። ባለመድኃኒት ቤቶቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «እትዬ ፓፍ መጡ» ይላሉ። ይበሉ፣ ስድብ አይደለም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። መሪጌታንም የወሰዳቸው መሻላቸው ነው። ጣና ላይ አንድ ደሴት አለ፤ ገዳም ነው፣ ሴት ከወደቡ ድንጋይ ወዲያ አትረግጥም። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ፍልሰታን እዚያ ሱባኤ ይገቡ ነበር፤ አሥራ አምስቱን ቀን ጾመው፣ በነሐሴ አሥራ ስድስት የእመቤታችንን ማኅሌት ቆመው ነው የሚመለሱት። ሕመሙ ከያዛቸው ወዲህ አልሄዱም። ባለፈው ሐምሌ ብቅል ስፈጭ አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉና «ዘንድሮ ደሴቱ እሄዳለሁ» አሉኝ።

«ማን ይጫንልዎታል?»

«ወንዱ ሁሉ ጣት አለው።»

«ጣት ያለው ሁሉ ጆሮ የለውም። ደግሞ ክረምት ነው፣ ብርድ ነው፣ ጭጋግ ነው።»

«የብርጓል» አሉኝ። «ያን ማኅሌት አንዴ ልቁም። ከዚያ ወዲያ ቤት ዋል ካልሽኝ ቤት እውላለሁ።»

እንዲህ ለምነውኝ አያውቁም። ልከለክላቸው ይገባኝ ነበር። ግን ጭሱ ትዝ አለኝ። ትንፋሻቸውን የወሰድሁባቸው እኔ ሆኜ፣ የቀረቻቸውን የት እንደሚያውሏት ልወስንባቸው ምን አፍ አለኝ? እሺ አልኋቸው።

ደሴቱ ላይ የሳቸው ተማሪ የነበሩ አባ ገብረ ክርስቶስ የሚባሉ መነኩሴ አሉ። ለገዳሙ ጉዳይ ባሕር ዳር ሲመጡ ቤት ጠራኋቸውና ሁለት ቀን አስተማርኋቸው። ዜማውን ስለሚያውቁት ማረፊያውን አልሳቱም፤ በሦስተኛው ሙከራ ልክ እንደኔ ተጫኑ። እኔም ዕቃውን አንድ በአንድ አስረከብኋቸው። ሰማያዊው ሲጨንቃቸው ነው፣ እሱ አይተፋም። ያን ሰሞን ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር በእጄ ያለው የተጋመሰ ነው። ሐምራዊው ጠዋትና ማታ ነው፤ ቁጥሩ በሚሄዱበት ቀን ስልሳ አራት ይላል፣ ለሱባኤው በቂ ነው። አባ ሁሉንም በወረቀት ጻፉት።

«አደራ፣ ሳይተፉ እንዳይሰጧቸው» አልኋቸው።

«እሺ እናቴ።»

«መትፋት የማይችሉ ከሆነ ባይሰጧቸው ይሻላል።»

ይህን ቃል የተናገርሁት እኔ ነኝ። በገዛ አፌ፣ ኮስተር ብዬ። አባም ያን ጊዜ ቀና ብለው ካዩኝ በኋላ ጻፉት።

ሐምሌ ሠላሳ ጠዋት ራሴ ሰጥቼ፣ ራሴ አስተፍቼ ከወደብ ሸኘኋቸው። የሄዱት በደሞዝ ጀልባ ነው፤ ደሞዝ ወደ ገዳማቱ ሰውና እህል የሚያመላልስ የሰፈራችን ሰው ነው። መሪጌታ ጋቢያቸውን ደርበው ከእህሉ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ጀልባዋ ስትርቅ መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ፤ እንደ ሙሽራ ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን እጄን የማደርግበት አጣሁ። ያን ማታ በሰዓቷ ጣሳዋን አንሥቼ ውሃ ቀድቼባታለሁ፤ ልማድ ነው።

ገዳሙ ውስጥ ስልክ የሚይዘው ከኮረብታው ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ወሬያቸውን ከደሞዝ ነው የምጠይቀው። «ደህና ናቸው፣ ከቅዳሴ አይጠፉም አሉ» ይለኛል። «ይተፋሉ?» እለዋለሁ። «እኔ ምን አውቄ እትዬ» ብሎ ይስቃል። እኔም ደስ ይለኛል። ከቅዳሴ አይጠፉም ማለት ትንፋሽ አላቸው ማለት ነው ብዬ።

ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ዝናቡ አባርቶ ብቅል ሳሰጣ ስልክ ጮኸ። አባ ገብረ ክርስቶስ ናቸው። «እናቴ፣ መምህር ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ቢመጡ ይሻላል» አሉኝ። ብቅሉን እዚያው ትቼ፣ ነጠላዬን መንገድ ላይ እየደረብሁ ወጣሁ። ደሞዝ «ከሰዓት በኋላ ማዕበል አለ» ሲለኝ ምን እንዳልሁት አላስታውስም፤ ብቻ ሞተሩን አስነሣ። ሐይቁን የወረረው የእምቦጭ አረም ሁለት ጊዜ ሞተሩን ይዞብን ቆምን፤ እሱ ጎንበስ ብሎ በእጁ ሲቦጨቅ እኔም ከጎኑ ሆኜ እቦጭቃለሁ። ውሃው ጭቃ ነው፣ ንፋሱ ፊት ይመታል። እመቤቴ፣ ልጅሽን እስክትደርስ አንድ ሰው አቆይላት ማለት ከብዶሽ ነው? እላለሁ። ሐኪም ቤት ማድረስ እንኳ አልታሰበኝም፤ እኔ ልድረስና አንዴ ልጫንላቸው እንጂ ሌላው ይደርሳል ብዬ ነው።

በቃሬዛ አውርደው ከወደቡ ድንጋይ ላይ አስተኝተዋቸዋል። እኔ ከዚያ ወዲያ አልሄድም፤ ስለዚህ እሳቸው መጡልኝ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ትከሻቸው እስከ ጆሯቸው ይነሣና ይወርዳል፣ የሚገባ ነገር ግን የለም። «መጣሁ» አልኋቸው። በዓይናቸው አዩኝ።

ፓፉን አልሁ። አባ ከቀሚሳቸው ኪስ ሁለቱንም አወጡ። ሰማያዊው ባዶ ነው። ሐምራዊውን ገልብጬ ቁጥሩን አየሁ። ስልሳ ሁለት ይላል። የወሰዱት የመጀመሪያዋን ምሽት ብቻ ነው። ከነሐሴ አንድ ጀምሮ አልተነካም።

«ምን አደረጋችሁ?» ብዬ ጮህሁ። በዚያ ወደብ ላይ እንዲህ የጮኸች ሴት ያለች አይመስለኝም። አባ ገብረ ክርስቶስ እንባቸው እየወረደ ነገሩኝ። መሪጌታ ደሴቱን በረገጡ ማግስት «ይህ የመጨረሻዬ ሳይሆን አይቀርም» ብለው ሱባኤውን በሙሉ በየቀኑ ሊቆርቡ ወሰኑ። የሚቆርብ ሰው ከቅዳሴ በፊት በአፉ ምንም አያስገባም፤ የፍልሰታ ቅዳሴ ደግሞ የሚያበቃው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሥጋ ወደሙን ከተቀበለ በኋላ ደግሞ እስከ ማግስቱ አይተፋም።

«ሳይተፉ እንዳይሰጧቸው ብለውኝ ነበር እናቴ» አሉኝ። «ሰዓት ፈለግሁለት። ጠዋት አይገባም፣ ማታ አይተፋም። ከቀኑ ውስጥ ለመድኃኒቱ የሚሆን አንድ ሰዓት አጣሁለት። ሰማያዊው አይተፋም ስላሉኝ ማታ ማታ ሲጨንቃቸው እሱን ሰጠኋቸው። በስምንተኛው ቀን አለቀ። ልደውል ስል የብርጓልን አታስጨንቃት ይሉኛል።»

ቤት ሳሉ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲቆርቡ ያን ቀን ፓፉን እንዘለው ነበር፤ አንድ ቀን ምን ይላል ብዬ። በተከታታይ ይቆርባሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብሁም። አሁን አባን ምን ልበላቸው? ያልሁትን ነው ያደረጉት። በዕድሜዬ እንደ እሳቸው አድርጎ የታዘዘኝ ሰው የለም።

ተንበርክኬ ራሳቸውን ክንዴ ላይ አደረግሁ። «ሃሌ ሉያ ይበሉ» አልኋቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ የለም። ድምፅ ከሌለ ማረፊያውን በምን ልወቀው? እናም እኔው አዜምሁላቸው። በሕይወቴ አዚሜ አላውቅም፤ የኔ ቦታ እሳቱ ዳር ነበረ። በመነኮሳቱ ፊት በሻከረ ድምፄ ሃሌ ሉያ አልሁ፤ ማንም ዝም በይ አላለኝም። ማረፊያው ላይ ስደርስ ተጫንሁ። በአፋቸው እንደ ጉም ተመልሶ ወጣ።

ደግሜ አዜምሁ። «ሳብ» አልኋቸው። «ሳብ፣ አንተ ሰው፣ ሳብ እንጂ።» አንተ አልኋቸው። በሁለተኛው ጥቂት ገባ መሰለኝ፣ ደረታቸው ትንሽ ከፍ አለ። ከዚያ ከንፈራቸውን ጭምቅ አድርገው ገጠሙና በዚያ በተኮራመተ ጣታቸው አፋቸውን አሳዩኝ። ገባኝ። ዛሬም ቆርበዋል፤ አታስተፊኝ ማለታቸው ነው። በዚያች ሰዓት የፈሩት ሞትን አልነበረም፣ የኔን ጣሳ ነው። «አላስተፋዎትም» አልኋቸው። «ይዋጡት።» ዋጡት። ሦስተኛውን ስጫን የሚስብ ሰው አልነበረም።

መነኮሳቱ እዚያው እንቅበራቸው አሉ። ክብር ነው፣ አውቃለሁ። ግን እኔ የማልረግጠው መቃብር ውስጥ ልተዋቸው አልሆነልኝም፤ በደሞዝ ጀልባ ይዣቸው ተመለስሁ። የነሐሴ አሥራ ስድስቱን ማኅሌት አባ ገብረ ክርስቶስ በሳቸው መቋሚያ ቆሙት፤ ልስጣቸው ወይስ ልቅበረው ብዬ ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ከተጣላሁ በኋላ የላክሁላቸው እኔ ነኝ።

ከአርባቸው በኋላ ፓፉን ልመልስ ሲስተር ሲና ዘንድ ሄድሁ። ሃምሳ ዘጠኝ ቀርቶታል፤ ለሌላ ሰው ይሁን ብዬ ነው። የሆነውን ሁሉ ነገርኋት።

«እትዬ የብርጓል» አለችኝ፣ «ለምን ይትፉት እንዳልኋችሁ ያስታውሳሉ?»

«ስለሚጎዳ ነዋ።»

አንገቷን ደፋች። «ምላስ ላይ ነጭ ነጭ ቁስል እንዳያወጣ ነው። ቢወጣም ይታከማል። ባይተፉት ምንም አልነበረም። ማታ ማታ ሰጥተዋቸው ቢውጡት፣ አሥራ አምስቱንም ቀን ቢውጡት፣ ምንም አልነበረም።»

አልጮህሁም። ጩኸቴን ወደቡ ላይ ጨርሼዋለሁ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች፤ እየሳቁ ነበር የሚሉኝ። ሲና ግን ታለቅሳለች። «እኔም አልጠየቅሁም» አለችኝ። «እንዴት እንደምትስቡት ጠየቅሁ እንጂ ስትጾሙ እንዴት ታደርጋላችሁ፣ ስትቆርቡ እንዴት ታደርጋላችሁ ብዬ አልጠየቅሁም።» አሁን ትጠይቃለች አሉ። እነ ኑርሑሴንንም በረመዳን ስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት ብላ ትይዛቸዋለች። ደግ አደረገች። ለኔ ግን ዘገየ።

ልወጣ ስነሣ ሳል ያዘኝ። እኔም የማትለቅ ሳል አለችኝ፣ ከእሳቱ ዳር ጀምሮ አብራኝ ያለች። ሲና ዓይኗን ጠርጋ «ተመለሱ» አለችኝ። በመሣሪያ አስተነፈሱኝ፣ ደረቴን አዳመጡኝ። ያው የሳቸው ሕመም ነው። ጭሱን እሳቸው ብቻ አልጠጡትም ለካ። ሐምራዊውን ፓፍ መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

አሁን ጠዋትና ማታ በራፌ ላይ ተቀምጬ እወስደዋለሁ። የሚጫንልኝ ሰው አልፈልግም፣ ጣቴ ደህና ነው። ሃሌ ሉያዋን እላለሁ፣ ትንፋሼ ሲያልቅ ማረፊያው ላይ እጫናለሁ፣ እስባለሁ። ጎረቤት «የብርጓል ማዜም ጀመረች» እያለ ያወራል። ሲና ባገኘችኝ ቁጥር «መጉመጥመጡን እንዳይረሱ፣ አፍዎ ይቆስላል» ትለኛለች። ይቁሰል። እኔ አልተፋውም፤ እውጠዋለሁ።